ልጅ ክርስትና ልታስነሡ ነው? ከራሳችሁ ንስሐ ጀምሩ

ጅማ ውስጥ አራስ ሊጠይቅ የመጣ ሰው ገንፎውን በልቶ ሳይጨርስ የሚጠይቀው ነገር ይታወቃል። «ክርስትናው መቼ ነው?» ይላል። ከዚያ ወሬው ወደ ድንኳን፣ ወደ በግ ዋጋና ወደ ፎቶ አንሺ ያመራል። እናትና አባት ለመጨረሻ ጊዜ ንስሐ የገቡት መቼ እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። እነሱም ባይጠየቁ ደስ ይላቸዋል።

ይህ መመሪያ የሚጀምረው ከዚያ ካልተጠየቀው ጥያቄ ነው። መጀመሪያ የወላጆች ንስሐ፣ ከዚያ የቤት ጸሎት፣ ከዚያ ጥምቀቱ ይመጣል። ድግሱ መጨረሻ ላይ ነው። የተጻፈው ልጃቸውን በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ለሚያስጠምቁ ነው። የየደብሩ አሠራር ጥቂት ጥቂት ስለሚለያይ ዝርዝሩን ከካህናቱ ጋር ጨርሱ።

ቀኑን ቁጠሩ

ወንድ ልጅ በተወለደ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በተወለደች በ80 ቀኗ ትጠመቃለች። መጽሐፈ ኩፋሌ አዳም በ40፣ ሔዋን በ80 ቀን ወደ ገነት መግባታቸውን ይናገራል፤ ሥርዓቱም ይህን ይከተላል። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 12 ስለ ወለደች ሴት የተጻፈውም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። እናትየዋም ወደ ቤተ ክርስቲያን የምትገባው ያን ቀን ነው።

የእኛ ወር 30 ቀን ስለሆነ ስሌቱ ቀላል ነው። የተወለደበትን ቀን አንድ ብላችሁ ጀምሩ። ለወንድ አንድ ወር ከ9 ቀን ጨምሩ፤ ጥቅምት 1 የተወለደ ኅዳር 10 ይጠመቃል። ለሴት ሁለት ወር ከ19 ቀን ጨምሩ፤ ጥቅምት 1 የተወለደች ታኅሣሥ 20 ትጠመቃለች። ሰውን የምታሳስተው ጳጉሜን ናት። ሐምሌ 1 የተወለደች ልጅ ቀኗ መስከረም 20 ይመስላል፤ ጳጉሜን ስትቆጠር ግን መስከረም 15 ይሆናል። ጳጉሜን 6 በምትሆንበት ዓመት ደግሞ መስከረም 14 ነው።

በሰሙነ ሕማማት ጥምቀት አይፈጸምም። ቀኑ እዚያ ላይ ከወደቀባችሁ ቀደም ብላችሁ ደብሩን አነጋግሩ። ሕፃኑ በጠና ታሞ ለሕይወቱ የሚያሰጋ ከሆነ ግን ቀን አይጠበቅም። ሆስፒታል ተኝቶም ቢሆን ካህን ይጠራ። «40ው ይሙላለት» እያሉ መጠበቅ ልክ አይደለም።

ያ 40 ወይም 80 ቀን የእናንተም ጊዜ ነው። ሕፃኑ ከመጥባትና ከመተኛት ሌላ ሥራ የለውም። መዘጋጀት ያለባችሁ እናንተ ናችሁ።

ንስሐ አባት ይኑራችሁ፤ እዚሁ ጅማ

ጅማ ለሥራ፣ ለንግድና ለትምህርት የሚመጣ ሰው የሚበዛባት ከተማ ናት። ስለዚህ «ንስሐ አባት አለኝ» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የሚያወራው ጎጃም ወይም ሸዋ ስላሉ፣ በዓመት አንዴ ለበዓል ስለሚደውልላቸው አባት ነው። ሰላምታው ጥሩ ነው። ቤታችሁን የማያውቁ፣ ስትጣሉ የማይደርሱ አባት ግን ለዚህ ሥራ አይበቁም። ደውላችሁ ነገሩን አስረዱ፣ መርቀው እንዲያሰናብቷችሁ ጠይቁ። ከዚያ እዚህ ያዙ።

አያያዙ ቀላል ነው። ቅዳሴ ሲያልቅ፣ ሰው ቀለል ሲል ወደ አንድ ካህን ቀርባችሁ መስቀል ተሳለሙ። «አባቴ፣ ንስሐ አባት ይሁኑን ብለን ነው» በሉ። እሳቸው ከበዛባቸው ሌላ ያሳዩዋችኋል። ዩኒቨርሲቲ ያላችሁ ደግሞ በግቢ ጉባኤ፣ በኦርቶዶክስ ተማሪዎች ማኅበር፣ በኩል ብትጠይቁ ይቀላል።

ስትመርጡ ይህን እዩ። ሰውየው ቅስና ያላቸው ይሁኑ፤ ዲያቆን አይናዝዝም። መንገድ ላይ ጸጉሩን አንጨባሮ «ኃጢአትህን አየሁ» የሚል ሰውም ንስሐ አባት አይደለም። ባልና ሚስት በአንድ አባት ሥር ብትሆኑ ይሻላል፤ አለዚያ ጾሙም ቁርባኑም አይገጥምም። ቋንቋም ያዙበት። በኦሮምኛ ስታወሩ ልባችሁ የሚከፈት ከሆነ ኦሮምኛ የሚችሉ አባት ፈልጉ፤ ጅማ ውስጥ አይጠፉም። የሥጋ ዘመድ ወይም የቡና ጓደኛ ግን አይሁን። አፍራችሁ የምትደብቁት ነገር ይኖራል።

አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ ልበል። ይቅርታ አይሸጥም። ለበዓል ለንስሐ አባት ስጦታ መውሰድ ደግ ልማድ ነው። ንስሐን በዋጋ የሚተምን ሰው ካጋጠማችሁ ግን ሌላ አባት ፈልጉ።

ራሳችሁን ስትመረምሩ ከፍቅሩ ጀምሩ

አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ይቆማል። «እስቲ መጀመሪያ ትንሽ ልስተካከል፣ ከዚያ እገባለሁ» ይላል። ዓመት ያልፋል፣ ሌላ ልጅ ይወለዳል፣ ወሬው ያው ነው። መስተካከል የንስሐ ፍሬ ነው፤ መግቢያ ዋጋው አይደለም።

ስለዚህ ወረቀትና እስክሪብቶ ከማንሣታችሁ በፊት የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15ን አንብቡ። ሁለታችሁ ሆናችሁ፣ ድምፅ አውጥታችሁ። የጠፋው ልጅ በሩቅ አገር ሆኖ ንግግር አዘጋጀ። ሦስት ነገር ሊል ነበር። በድያለሁ፣ ልጅህ ልባል አይገባኝም፣ ከሞያተኞችህ እንደ አንዱ አድርገኝ። ከቁጥር 18 እስከ 21 ያለውን ቀስ ብላችሁ እዩት። አባቱ ፊት ሲደርስ ሁለቱን ተናገረ። ሦስተኛውን አላለም። አባትየው ልብስ አምጡ፣ ቀለበት አድርጉለት፣ ጫማ አጥልቁለት እያለ ነበር። ደግሞም ሮጦ የተቀበለው ልጁ አፉን ሳይከፍት ነው። ንስሐ የምትገቡት ወደዚህ አባት ነው። ይህን ሳትይዙ የሚጻፍ የኃጢአት ዝርዝር ወይ ተስፋ ያስቆርጣል ወይ ሐሰት ይሆናል።

ቀጥሎ ዘጸአት 20ንና ማቴዎስ 5ን ክፈቱ። አሥሩ ትእዛዛት እጃችሁን ይመረምራሉ፤ የተራራው ስብከት ልባችሁን። እያንዳንዱን ካነበባችሁ በኋላ ቆም በሉና በአጭሩ ጻፉ። ለየብቻችሁ ጻፉ፤ የባል ወረቀት ለሚስት፣ የሚስትም ለባል አይነበብም። ስልክ ላይ አትጻፉ፤ ስልክ ሰው እጅ ይገባል። ወረቀቱ ሥራው ሲያልቅ ይቃጠላል።

አጻጻፉ ላይ ሰው የሚሳሳተው «ኃጢአተኛ ነኝ፣ ሁሉን አድርጌያለሁ» ሲል ነው። ይህ ምንም አለማለት ነው። ነገሩን በስሙ ጥሩት። «ቡናው ሚዛን ላይ እንዲከብድ እርጥቡን ከደረቁ ቀላቅዬ ሸጥኩ።» «ከሥራ በኋላ ጫት ላይ አምሽቼ ለቤት የሚሆነውን ብር ጨረስኩ፤ ለሚስቴ ደመወዝ አልገባም አልኳት።» «እናቴን ለሁለት ዓመት አላናገርኳትም።» «ያረገዝኩ ጊዜ ልጁን አልፈለግሁትም ነበር።» የመጨረሻው ዓይነት ብዙ እናቶች ሆድ ውስጥ ተቀብሮ የሚቀር ነው። ያለ ፍርሃት ይነገር።

የሌላ ሰው ኃጢአትም አትጻፉ። «አማቴ እንዲህ ብላኝ ነው እኔም እንዲያ ያልኳት» የሚለው ዓረፍተ ነገር አማትየዋን መክሰስ ነው። «አማቴን ሰደብኩ» በቂ ነው።

የበደላችሁትን ሰው አግኙ

ማቴዎስ 5፥23-24 መባህን መሠዊያው ፊት ትተህ መጀመሪያ ከወንድምህ ታረቅ ይላል። ስለዚህ ከካህኑ በፊት ወይም ካህኑ በሚሉት ጊዜ ሰውየውን ማግኘት አለ። የወሰዳችሁት ካለ ይመለስ። ዘኬዎስ ያታለለውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ብሏል፤ እናንተ ቢያንስ ዋናውን መልሱ።

እዚህ ከተማ ጎረቤታችን፣ የሥራ ባልደረባችን፣ ደንበኛችን ብዙ ጊዜ ሙስሊም ነው። ንስሐ የቤተ ክርስቲያን ጉዳይ ነው ብላችሁ እሱን አትዝለሉት። መርካቶ ውስጥ በሚዛን ያጎደላችሁበት ሰው የማን ልጅ እንደሆነ እግዚአብሔር ያውቃል። ሂዱና «አፉ በለኝ» በሉት። አብዛኛው ሰው «ለአላህ ብዬ ትቻለሁ» ብሎ ቡና ያስፈላላችኋል።

ሰውየው ከሞተ፣ ከጠፋ ወይም መገናኘቱ ሌላ ጉዳት የሚያመጣ ከሆነ ግን በራሳችሁ አትወስኑ። የትዳር ጓደኛ የማያውቀው ነገር ካለ፣ ወይም የተበደለው ሰው ቢቀርቡት የሚመታ ከሆነ፣ መጀመሪያ ንስሐ አባታችሁን አማክሩ።

ኑዛዜው

ቀጠሮ ያዙ። እሑድ ጠዋት ቅዳሴ ሊገባ ሲል ካህኑን በር ላይ ይዞ መናዘዝ ለሁለታችሁም አይሆንም። ከሰዓት በኋላ ረጋ ያለ ጊዜ ይሻላል። አራሷ ቤት ስላለች ንስሐ አባት ጠበል ሊረጩ ሲመጡ በዚያው መናዘዝ ትችላለች። ቤተሰቡ ክፍሉን ለቆ ይውጣ። አያቶች «ምን ሚስጥር አለ» ብለው ይቀመጣሉ፤ በትሕትና አስወጧቸው።

አጀማመሩ ይህን ይመስላል። «አባቴ፣ እግዚአብሔርን በድያለሁ፤ ይፍቱኝ።» ከዚያ ከከባዱ ጀምሩ። ሰው ቀላሉን እየደረደረ ከባዱን መጨረሻ ላይ በጨረፍታ ሊያሳልፍ ይፈልጋል፤ ጉልበቱም እዚያ ሲደርስ ያልቃል። ታሪኩን በሙሉ መተረክ አያስፈልግም። ምን እንዳደረጋችሁ፣ ስንት ጊዜ ያህል፣ አሁንም ያለ ይሁን የቆመ መናገር ይበቃል። ካህኑ ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለባቸው፤ የሰሙትን ለማንም አይናገሩም።

ከዚያ ቀኖና ይሰጣል። ቀኖና ጾም፣ ስግደት፣ ጸሎት ወይም ምጽዋት ሊሆን ይችላል። ከመቀበላችሁ በፊት የጤናችሁን ሁኔታ ተናገሩ። ይህን ብዙ ሰው በይሉኝታ ይተወዋል። የምታጠባ እናት በጾም ራሷን ብትጎዳ ልጁም ይጎዳል። በቀዶ ሕክምና የወለደች ሴት መስገድ አትችልም። ስኳር፣ ጨጓራ፣ ደም ግፊት፣ በሰዓት የሚወሰድ መድኃኒት ያለበት ሰውም ይናገር። ካህኑ ጾሙን በምጽዋት፣ ስግደቱን በጸሎት ሊለውጡላችሁ ይችላሉ። ከወለደች ወዲህ እንቅልፍ ያጣች፣ ያለ ምክንያት የምታለቅስ፣ ልጁን ማየት ያስጠላት እናት ካለች ደግሞ ይህን ለካህኑም ለሐኪምም ትንገር። ሕመም ነውና ይታከማል።

ስግደት ለተሰጣችሁ፦ እሑድና በበዓለ ሃምሳ፣ ማለትም ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባለው ጊዜ፣ አይሰገድም። በሌላው ቀን ጠዋት፣ ሳትበሉ፣ ሰው በማያይበት ስገዱ። ቁጥሩ በየቀኑ የተከፋፈለ ይሁን፤ አንድ ሌሊት ልጨርሰው ብሎ ወገብ መቁረጥ ትርፍ የለውም። ካልቻላችሁ ተመልሳችሁ «አልቻልኩም» በሉ። ቀኖና ለይቅርታው የሚከፈል ዋጋ አይደለም፤ ዋጋው በመስቀል ላይ ተከፍሏል። ሮሜ 5፥8 ገና ኃጢአተኞች ሳለን ክርስቶስ ስለ እኛ ሞተ ይላል። ቀኖና የተሰበረው ልማድ እንዳያገረሽ የሚሰጥ ማጠንከሪያ ነው።

ቀኖናው ሲያልቅ ንገሯቸው። «እግዚአብሔር ይፍታህ»፣ «ይፍታሽ» ብለው ይፈቷችኋል። ከዚያ በልጃችሁ ጥምቀት ቀን ከልጃችሁ ጋር መቁረብ ትችላላችሁ። ከዚህ የሚበልጥ የክርስትና ስጦታ አላውቅም።

የአራስ ቤት ጸሎት

አራስ ቤት እንግዳ አይጠፋበትም፤ ሕፃን ያለቅሳል፤ እናት ደክማለች። ስለዚህ ረጅም ጸሎት አታቅዱ። ቤተ ክርስቲያን በቀን ሰባት የጸሎት ጊዜያት አሏት። እናንተ ጠዋትና ማታ ሁለቱን ከያዛችሁ ጥሩ ጅምር ነው።

ፊታችሁን ወደ ምሥራቅ አዙሩ። በስመ አብ ብላችሁ አማትቡ፤ ከግንባር ወደ ደረት፣ ከግራ ትከሻ ወደ ቀኝ። ጸሎተ ሃይማኖትን ድገሙ። ቀጥሎ «አቤቱ፥ እንደ ቸርነትህ መጠን ማረኝ» የሚለውን የዳዊት መዝሙር አንብቡ። በቤተ ክርስቲያን ዳዊት 50ኛው ነው፤ በአንዳንድ መጽሐፍ ቅዱስ 51 ተብሎ ስለሚገኝ አትደናገሩ። ከዚያ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም አባት ያንብብ፣ እናት ተኝታ ትስማ። ጊዜ ካላችሁ 41 ጊዜ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» በሉ፤ በጣት አንጓ ወይም በመቁጠሪያ ይቆጠራል። በአቡነ ዘበሰማያት ዝጉ።

ከመዝጋታችሁ በፊት በራሳችሁ አፍ ትንሽ ተናገሩ። ቃል ከጠፋችሁ ይህን መነሻ አድርጉት፦

«አባት ሆይ፣ ሳላውቅህ ወደድኸኝ። ገና ሕፃን ሳለሁ በውኃና በመንፈስ ልጅህ አደረግኸኝ። እኔ ግን ከቤትህ ወጣሁ፤ የሰጠኸኝንም በተንኩ። ዛሬ ባዶ እጄን መጥቻለሁ። ስለ ልጅህ ስለ ኢየሱስ ክርስቶስ ብለህ ማረኝ። የበደልኳቸውን ሰዎች አንተ ካሳቸው፤ ሄጄ ይቅርታ የምጠይቅበትን ድፍረትም ስጠኝ። ይህን የሰጠኸንን ልጅ ከእኛ ቁጣና ከእኛ ስንፍና ጠብቅልን። ሳንወድህ እንደወደድኸን እኛም ልጃችንን እንድንወድ አስተምረን። አሜን።»

ሌሊት ሕፃኑ ሲያስነሣችሁ ደግሞ መብራት ሳታበሩ «እግዚኦ ማረን» ማለት ይበቃል። የሌሊት ጸሎት ለወላጅ የመጣችው በዚህ በኩል ነው።

የክርስትና አባት ወይም እናት መምረጥ

ለወንድ ወንድ፣ ለሴት ሴት። የሚያነሣው ሰው የተጠመቀ፣ ንስሐ የሚገባ ኦርቶዶክሳዊ መሆን አለበት። ሕፃኑ መናገር ስለማይችል ስለ እሱ ሰይጣንን የሚክደው፣ በክርስቶስ ማመኑን የሚመሰክረው ይህ ሰው ነው። ስለዚህ ጸሎተ ሃይማኖትን በቃሉ ማወቁን አረጋግጡ። «አለቃዬ ነው፣ ደህና ስጦታ ይሰጣል» ብሎ መምረጥ አያዋጣም። ውጭ አገር ያለ የአጎት ልጅም በቪዲዮ ጥሪ ክርስትና አያነሣም። ጅማ የሚኖር፣ ልጁን በየጊዜው የሚያይ ሰው ይሻላል።

ክርስትና ማንሣት ዝምድና ይፈጥራል። በዚህ ዝምድና መካከል ጋብቻ አይፈቀድም። ሁለቱ ቤተሰቦች ወደፊት ሊጋቡ የሚችሉ ልጆች ካሏቸው አስቡበት።

የቅርብ ወዳጃችሁ ሙስሊም ከሆነ ክርስትና ሊያነሣ አይችልም። እሱም ይህን ያውቃል፣ አይቀየምም። በድግሱ የክብር ቦታ ስጡት።

የዋዜማውና የዕለቱ ሥራ

ቀኑ ከመድረሱ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ ደብሩ ጽሕፈት ቤት ተመዝገቡ። የሰበካ ጉባኤ አባልነታችሁን ሊጠይቁ ይችላሉ። ስንት ሰዓት መድረስ እንዳለባችሁ፣ ሕፃኑ ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደማይጠባ፣ የጥምቀት ምስክር ወረቀት መቼ እንደሚሰጥ በዚያው ጠይቁ። የምትቆርቡ ወላጆች ከቁርባን በፊት 18 ሰዓት መጾም አለባችሁ። ባልና ሚስት ከመኝታ የምትታቀቡበትን ቀንም ንስሐ አባታችሁ ይነግሯችኋል። የምታጠባ እናት ጾሙን እንዴት እንደምትይዘው ከእሳቸው ጋር ትነጋገር።

ማታውኑ ቦርሳ አዘጋጁ። ነጭ አዲስ ልብስ፣ ወፍራም ፎጣ፣ ሁለት ቅያሪ፣ ዳይፐር፣ ነጠላና ጋቢ፣ ንጹሕ የአፍ መጥረጊያ ጨርቅ። የማተቡን ክር ከእናንተ ይሁን ከቤተ ክርስቲያን ጠይቁ። የጅማ ዝናብ ከበልግ ይዞ እስከ ክረምት መጨረሻ አይጠገብም፤ ጃንጥላ አይረሳ። ሕፃኑን ቅቤ አትቀቡት፣ ጌጥ አታድርጉለት። ባጃጅ በዋዜማው ተነጋግራችሁ ያዙ። ከቆጪም ሆነ ከፈረንጅ አራዳ ንጋት ላይ ወጥቶ ባጃጅ መጠበቅ አራስን ብርድ ላይ ማቆም ነው።

ሥርዓቱ ሲጀመር ካህኑ መጽሐፈ ክርስትናን ያነብባሉ። የክርስትና አባት ወይም እናት ሕፃኑን ይዘው ወደ ምዕራብ ዞረው «እክሕደከ ሰይጣን» (ሰይጣን ሆይ፣ እክድሃለሁ) ይላሉ። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ዞረው እምነታቸውን ይመሰክራሉ። ውኃው ይባረካል። ካህኑ ወንዱን «አጠምቀከ»፣ ሴቷን «አጠምቀኪ» እያሉ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም ሦስት ጊዜ ያጠልቃሉ። ሕፃኑ ይጮኻል፤ ይጩኽ። እናት ለመንጠቅ አትቸኩል። ውኃው በጣም የሚቀዘቅዝ መስሎ ከታያችሁ ከጸሎቱ በፊት ማለዘብ ይቻል እንደሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ።

ከውኃ ሲወጣ ፎጣውን የሚዘረጋው ክርስትና የሚያነሣው ሰው ነው። ቅዱስ ሜሮን የተባለውን የተቀደሰ ዘይት ይቀባል፣ ማተብ ይታሰርለታል፣ ነጭ ይለብሳል፣ ወደ ቅዳሴው ይገባል፣ ሥጋ ወደሙ ይቀበላል። ከቁርባን በኋላ ጠበል ይጠጣል። ሕፃን ወተት መመለስ ልማዱ ስለሆነ ያን ጨርቅ አፉ ሥር ያዙ። ቢያስመልሰው ጨርቁን አትጣሉት፤ ለካህኑ አሳዩ። ሜሮን የተቀባ ገላ መቼ እንደሚታጠብም ጠይቁ። አያት እቤት ደርሰው ወዲያው ሳፋ እንዳያቀርቡ ንገሯቸው።

ካህኑ የሚሰጡትን የክርስትና ስም እዚያው ጻፉት። ገብረ መድኅን፣ ወለተ ማርያም፣ ኃይለ ሚካኤል፣ ምንም ይሁን። በጸሎት፣ በጠበል፣ በተክሊል የሚጠራው በዚህ ስም ነው። ሠርጉ ሳምንት ሲቀረው እናቱን «የክርስትና ስሜ ማን ነበር?» ብሎ የሚደውል ሙሽራ በየዓመቱ አለ። ፎቶ ማንሣት ካሰባችሁ ፈቃድ ጠይቁ። ፎቶ አንሺ በካህኑና በመጠመቂያው መካከል እንዲቆም አትፍቀዱ።

ድግሱ

ስለዚህ አጭር ልሁን። ቀኑ ረቡዕ፣ ዓርብ ወይም ሌላ ጾም ላይ ከዋለ ድግሱ የጾም ነው። በጅማ ይህ በረከት ነው። ሽሮና ምስር፣ ጎመንና ዳቦ፣ ቡናና ቆሎ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ማዕድ የሚበላው ነው። በፍስክ ከሆነ ለሙስሊም እንግዶች ለብቻ የሚታረድበትን መንገድ ከጎረቤት ጋር ቀድማችሁ ጨርሱ። ተበድራችሁ አትደግሱ። ገና ንስሐ የገባችሁበትን የገንዘብ ውሸት በዚያው ቀን መልሳችሁ ትጀምሩታላችሁ።

ትልልቅ ሰዎችስ?

ሳይጠመቅ ያደገ ሰው በማንኛውም ዕድሜ መጠመቅ ይችላል። መጀመሪያ ይማራል፣ ከዚያ ይጠመቃል። ተጠምቆ ከቤተ ክርስቲያን የራቀ ግን ሁለተኛ አይጠመቅም፤ ጥምቀት አንዲት ናት። ሃይማኖቱን ለቆ የነበረ ከሆነ ከንስሐው ጋር የመጽሐፈ ቄደር ጸሎት ይደረግለታል። ጥር 11 ቀን ባሕረ ጥምቀቱ ላይ የምንረጨውም፣ በጠበል ቦታ የምንጠመቀውም በረከትና ፈውስ ነው፤ ዳግመኛ ክርስትና አይደለም። «በጥር ተጠምቄያለሁ፣ ንስሐ ምን ያደርግልኛል» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ይህን ንገሩት።

ከዚያ በኋላ

የልደት ምዝገባ ሌላ ጉዳይ ነው። የጥምቀት ምስክር ወረቀት አይተካውም። በሕጉ ልጅ በተወለደ በ90 ቀን ውስጥ በቀበሌ ወሳኝ ኩነት መመዝገብ አለበት። የሴት ልጅ ክርስትና ሲያልፍ 10 ቀን ብቻ ይቀራችኋልና አትዘናጉ።

ልጁ ክፉና ደጉን እስኪለይ ድረስ ኃጢአት መናዘዝ ሳያስፈልገው ይቆርባል። ያ የዓመታት ዕድል ነው፤ አንድ ቀን ብቻ አቁርባችሁ አትተዉት። ወር በገባ በአንድ እሑድ እንኳ ውሰዱት። ከሁለታችሁ አንዳችሁ ቀኖናውን ያልጨረሰ ካለ ሌላው ልጁን ይዞ ይቁረብ። ያልጨረሰውም ከቅዳሴ በኋላ ንስሐ አባቱን አግኝቶ የት እንደደረሰ ይንገራቸው።